ከሽመክት ታሪክ የተሰረዘው መስመር

አናጢው ሽመክት ሞቶ እንኳ ሚስቱን አስረሳሽን አላሳረፋትም። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ የእድሩ ጸሐፊ አየለ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ይዞ መጣና ያነብላት ጀመር።

«ሟች ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ከማንም የማይጣሉ፣ በእጃቸው ጣዕም የታወቁ...»

«የምን ጣዕም?» አለች አስረሳሽ ቀና ብላ።

አየለ ወረቀቱን መልሶ አየ። ባለፈው የቀበሩት ምግብ ቤት የነበራትን ሒሩትን ነው። ልማዱ ነው፤ ስም ይቀይርና የቀረውን ለተረኛው ያሳልፋል። በሱ ወረቀት ከሆነ ጁባ ላይ የሞተ ሐበሻ ሁሉ አንድ ሰው ነው።

ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም ይባላል እንጂ፣ ሽመክት «ከማንም የማይጣሉ»? ወይ ጉድ! ሀይ ጀላባ ሰፈር ውስጥ እሱ ያልተጣላው ጣውላ እንኳ የለም። አምስት ዓመት ጁባ ሲኖር ከአረብኛው የያዘው «ቡክራ» የምትለዋን ብቻ ነው። አልጋ ያዘዘ ሁሉ «ቡክራ፣ ነገ» እየተባለ መሬት ላይ ይተኛል። የሰው በር ሲገጥም የሚውለው ሰውዬ የራሱ ቤት በር መጋረጃ ነበር። ሁለት ሴት ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ግን አንድም ቀን «ቡክራ» ብሎ አያውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ከሰፈራቸው ከኮር ዊሊያም እያነከሰ ይዟቸው ይወጣ ነበር።

ማነከሱ የጦርነት ነው። መንዝ ገጠር ሞፈር ሲጠርብ አፍሰው ወሰዱት፤ የደርግ ወታደር አደረጉት። ጦሩ ሲሸነፍ የቆሰለ እግሩን እየጎተተ፣ እህል እየለመነ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ ማንም ወታደር ብሎ ጠርቶት አያውቅም። ታሞ ሲተኛ ሚስቱን የለመናት አንድ ነገር ነው፦ «ስሞት ወታደር ነበር ይባልልኝ። ሌላ ውዳሴ አልፈልግም።» እሷም ቃል ገባችለት።

«አንተ አየለ፣ ጣዕሙን አውጣና እሱን ጻፍ» አለችው።

አየለም ጻፈ። ኮሚቴው አየና ሰረዘው። «እትዬ፣ እድራችን ፖለቲካ አይነካም» አሏት። የፈሩት ሊቀ መንበሩን ሐጎስን ነው፤ ባለሆቴሉ ሐጎስ በዚያ ጦርነት የወዲያኛው ወገን ታጋይ ነበር፣ ታሪኩንም የሚያነበው እሱ ነው። የሕያው ኩርፊያ ከሚመጣብን የሬሳ ቃል ይቅር አሉ፤ ጀግኖች! አስረሳሽ ቃሏን መብላቷ ከሞቱ እኩል አንገበገባት።

ቀብሩ ላይ ሐጎስ መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ደግ፣ ሰው አክባሪ... መሐል ላይ ቆመ። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አነሳና በቀለሙ ሥር አጮልቆ አየ።

«እዚህ ጋ አንድ መስመር ተሰርዟል። ማነው የሰረዘው?»

አየለ ጫማውን ያይ ጀመር።

«ሽመክት ወታደር ነበር» አለ ሐጎስ ጮክ ብሎ። «እንዲያውም ጎበዝ ወታደር። የተዋጋበትን ቦታ ሲያወራኝ ነው ያወቅሁት፤ እኔ ማዶ ነበርኩ። እግሩን የመታነው እኛ ነን።» መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እሱም የሆቴሌን በር አንድ ሳያስቀር አጣሞ ገጥሞ ተበቀለኝ። ይበለኝ!»

አስረሳሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ያልወጣላት ለቅሶ ወጣላት።

ከአርባው በኋላ፣ የደቡብ ሱዳን የነጻነት ሪፈረንደም ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው፣ አለባቸው የሚባል አዲስ አናጢ ወደ ሐጎስ ሆቴል መጣ። እንግዳ ሊጎርፍ ነው፤ አንድም በር አይዘጋም፤ ላቃናልህ አለው።

ሐጎስ በሮቹን አያቸው።

«ቡክራ» አለው።