አውራ ጣቴ የሸፈነችው ምልክት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። አሁን ለእናንተ የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ጋሼ ደምሴን አልወዳቸውም ነበር። ሞተውም አልወዳቸውም። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለች አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰይመው የሰው ዘር ሲቆጥሩ የሚውሉ ሰው ነበሩ። እኔ አሮጌ ጠመንጃ የሚጠገንበት ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ፤ አባቴም አያቴም ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቀጥቃጭ አሜሪካም መጥቶ ብረቱን አልተወም። ለሱ ትሪውን ለብቻ አቅርቡለት!» አሉ። ተሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

በወሩ ከልጃቸው ጋር ሱቃችን መጡ። በስንት ወረቀት አሜሪካ ያስገቡትን የጀርመን የአደን ጠመንጃ ይዘዋል፤ ባለ ሦስት አፈሙዝ፣ ሁለቱ ለወፍ፣ አንዱ ለትልቅ አውሬ። አያታቸው ከአንድ ጀርመናዊ አዳኝ የተሸለሙት ነው ይሉ ነበር።

«እስቲ ምልክቱን አንብብና ይኼ ልጅ ይመነኝ» አሉኝ።

ጀርመኖች ጠመንጃን ተኩሰው ከፈተኑ በኋላ አፈሙዙ ሥር ምልክት ይመታሉ። ፈትቼ አየሁ። ወርና ዓመት ተመቷል። ዓመቱ አያትየው ከሞቱ በኋላ ነው፤ የሞቱበትን ዓመት ጋሼ ደምሴ በየቅዳሜው ስለሚነግሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከጎኑ ግን ዘውድ የደፋች አንዲት የፈረንጅ ፊደል አለች። ትርጉሟ «ተጠግኖ እንደገና ተፈተነ» ነው። ዓመቱ ጠመንጃው የተጠገነበት እንጂ የተሠራበት አልነበረም። ሽማግሌው አልዋሹም ነበር።

አውራ ጣቴን ፊደሏ ላይ አሳረፍሁ። እያወቅሁ አሳረፍሁ። ለልጁ ዓመቱን ብቻ አሳየሁትና፣ «ይሄ ሲሠራ አያታቸው ሞተዋል» አልሁት።

«ሶ፣ ሁሉም ውሸት ነበር፣ ዳድ?» አለ።

ጋሼ ደምሴ ጠመንጃውን እንደተፈታ ሰብስበው ወጡ። ደስ አለኝ። እንዴት ያለ ሰው ነው በዚህ ደስ የሚለው? እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤቷ ድርሽ አላሉም። ባለፈው ክረምት ሞቱ። ለቅሶው ላይ ልጃቸው እጄን ጨብጦ፣ «ቴንክ ዩ። አንተ ባትኖር እስካሁን ቢሊቭ አደርገው ነበር» አለኝ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። ይልቁንም ከቤተ ዘመዶቻቸው ጋር አንድ ትሪ ቀርቤ፣ ጠግቤ በላሁ።

ሰድበውኛል፤ እውነት ነው። ያችን ጣት ግን እሳቸው አላስቀመጧትም።