አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ

ጅግጅጋ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ከጅግጅጋ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ምን ያህል ይፈጃል? ርቀቱን ለፍጥነቱ ማካፈል ነው፤ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ግድም። ይህችን ጥያቄ በየዓመቱ ፈተና ላይ አስገባት ነበር። የሚስታት ተማሪ ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል።

ጎረቤቴ ፍየል ነጋዴ ሽማግሌ ነበሩ። «አዴር» እላቸዋለሁ፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደ ማለት ነው። አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም።

«ወላሂ ውሸታም ነህ!» ይሉኛል እየሳቁ። «እዚህ ቅርብ ቀብሪበያ ስሄድ ሚኒባሱ እስኪሞላ ብቻ ሁለት ሰዓት እጠብቃለሁ። አንተ በአንድ ሰዓት አዲስ አበባ?»

በ2010 ክረምት አዲስ አበባ ያለችውን እናቴን ልጠይቅ የቅዳሜ ትኬት ቆረጥኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ከተማው ይጨሳል። ጎረምሶች ከመሀል አገር የመጣውን ሰው እየለዩ ይደበድባሉ። የጥጉን ባለሱቅ ጎትተው አውጥተው መሬት ላይ ሲቀጠቅጡት አየሁ። ዝም እስኪል አልተዉትም። አዴር ከኋላዬ ክንዴን ያዙና ወደ ግቢያቸው ጎትተው የፍየሎቹ በረት ውስጥ ከተቱኝ።

ጎረምሶቹ ወዲያው መጡ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አያቸዋለሁ፤ ዱላና ገጀራ ይዘዋል፣ አንዱ ፌሮ። አስተማሪውን አውጣ አሏቸው።

«ፍየል ነው ያለኝ» አሉ አዴር የበረቱን በር በጀርባቸው ደግፈው።

ፌሮው ክንዳቸው ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ደገማቸው። አዴር ወደቁ፤ ከበሩ ግን ንቅንቅ አላሉም። እኔ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲንሾካሾክ ጠረጴዛ የምደልቀው ጀግና፣ በፍየሎቹ በጠጥ ላይ ተኝቼ እጄን ነክሻለሁ። መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። የሠፈሩ ሴቶች እየጮኹ ሲመጡ ጎረምሶቹ ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ወታደሮች መንገዱን ሲከፍቱ አዴር ኤርፖርት ድረስ ሸኙኝ። ክንዳቸው በሽርጥ ታስሮ አብጧል። መጀመሪያ ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው ተቆጡኝ።

«አንተ ሂድ። ስትደርስ ደውል፤ ሰዓት እይዛለሁ» አሉኝ።

አውሮፕላኑ መሬት እንደነካ ደወልኩ።

«አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት!» አሉ። «እውነትህን ነው ለካ። ውሸታም ስልህ ኖሬአለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሰው መሀል ቆሜ አለቀስኩ።

ክንዳቸው ተጣሞ ገጠመ፤ ፍየል ማንሳት እንደማይችሉ ነገሩኝ። በየዒዱ እደውላለሁ። መቼ ነው የምትመጣው ይሉኛል። ሥራ በዛብኝ፣ ሰው ታመመብኝ እላለሁ። ውሸት ነው። ያን ክንድ ማየት ፈርቼ ነው።

«አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት እኮ ነው» ይሉኛል፣ ያልቆጠርኩት እየመሰላቸው።