ያልመጣችበት ፋሲካ

አዛለች ወላጆቿ ቤት ሆና ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትዘጋጅ ፈታኟ አባቷ ነበሩ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በቤተ ልሔም ደብር የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓን፣ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ነገር የለም። ቢሆንም ልጃቸው በአማርኛ ጽፋ የሰጠቻቸውን ጥያቄ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ያነቡላት ነበር።

«ለመሆኑ የዚህ ሥራ ስሙ ማን ነበር?» አሏት አንድ ቀን።

«ሳይት ሪላየቢሊቲ ኢንጂነር ይባላል፣ አባዬ። ሰው በስልኩ የሚጠቀምበት አገልግሎት እንዳይቋረጥ መጠበቅ፣ ከተቋረጠም ቶሎ መመለስ ነው።»

«ዘበኛ ነሻ!»

«እንደዚያው ነው» ብላ ሳቀች።

ጊዜው 2010 ዓ.ም. ነው። ቀጣሪው የአዲስ አበባ ድርጅት በስልክ ሊጠይቃት ቀጠሮ ይዟል፤ የቤተ ልሔም ኔትወርክ ደግሞ አያስተማምንም። ስለዚህ አባትና ልጅ በጠዋት ተነሥተው ንፋስ መውጫ ከተማ አክስቷ ቤት ገቡ። እሷ ጓዳ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች፤ እሳቸው ደጅ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ጥያቄው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። ወደ መጨረሻው ግን አንደኛው ጠያቂ በአማርኛ፣ «በአንቺ ጥፋት የተበላሸ ነገር አለ?» አላት።

አዛለች ለዚህ ያሰናዳችው ቀለል ያለ መልስ ነበራት። አፏ ላይ ከደረሰ በኋላ ተወችው።

«አለ» አለች። «ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ኮሌጅ ስሠራ የተማሪዎችን ውጤት በስህተት አጠፋሁት። መጠባበቂያ ቅጂ አለ ብዬ ተማምኜ ነበር፤ ከፍቼ ግን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ባዶ ነበር። ለአለቃዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩት። ከወረቀት እየለቀምን እንደገና ስንመዘግብ ሦስት ሳምንት ፈጀብን፤ ፋሲካንም እዚያው ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ቅጂውን ከፍቼ ሳላይ አለ አልልም።»

 ከዚያ «እናመሰግናለን፤ እናሳውቅሻለን» አሏት።

ስትወጣ አባቷ ቀና ብለው አዩዋት።

«ለዚያ ነው ለፋሲካ የቀረሽው?»

ክው አለች። ያኔ ሥራ በዛብኝ ብላቸው ነበር፤ እሳቸውም ከተማው አስረሳት ብለው ማዘናቸውን ከእናቷ ሰምታለች።

«አፈርኩ፣ አባዬ። እርስዎ ፊት መቆም ከበደኝ።»

መሪጌታ አጠገባቸው አስቀመጧት። «እኔ በወጣትነቴ በልደት ማኅሌት ላይ ዜማው ጠፍቶብኝ ካህናቱን ሁሉ ይዤ ገደል ገባሁ። መሪው እኮ እኔ ነበርኩ! ሁለት ሳምንት እናቴ ቤት ተሸሸግሁ። መምህሬ የኔታ ወልደ ገብርኤል ናቸው በእግራቸው መጥተው የመለሱኝ።»

«ምን አሉዎት?»

«ምንም። እራት በልተው አደሩ፤ ጠዋት መቋሚያዬን ከግድግዳው አንሥተው ሰጡኝ።» እጇን ያዙ። «ብትነግሪኝ ኖሮ መጥቼ አብሬሽ እጽፍ ነበር። የእጅ ጽሕፈቴ እንደሁ አይከፋም።»

አዛለች እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

መልእክቱ የደረሳት በዘጠነኛው ቀን ነው፤ ተቀጥራለች። አባቷ ወደሚያስተምሩበት ጉባኤ ሄዳ ተማሪዎቹ ከተቀመጡበት ዛፍ ሥር ቆመች። መሪጌታ አንድ ዲያቆን ዜማ እያስቀጸሉ፣ እሱም እየተከተላቸው ነበር። ፊቷን ሲያዩ ገባቸው፤ ቢሆንም ተማሪው የያዘውን እስኪጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ተነሥተው ግንባሯን ስመው፣ «መቼ ነው የምትሄጅው?» አሏት።

«ሰኞ።»

«እንግዲያው አብረን የምንውልበት እሑድ አለን» አሉ።