የልደታ ዘቢብ

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። አንድ ቀን ጅቡቲ፣ ሆዳን በሚባለው ሰፈር በምሠራበት ቤት ግቢ ውስጥ የወይን ሐረግ ሳጠጣ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፣ ከድሬዳዋ። እሷ ዘንድ ትቻት የመጣሁት ልጄ ትኩሳት ጥሏት ሆስፒታል ገብታለች። የውሃውን ጎማ እንደያዝኩ ተሳልኩ፦ «እመቤቴ፣ ልጄን ማሪልኝ፤ ለዓመቱ በልደታሽ ከዚህ ሐረግ ዘቢብ አስገባልሻለሁ!»

ልጄ በሳምንቱ ድና ወጣች። እኔ ግን ዕረፍት አጣሁ። ሰው ለቤተ ክርስቲያን ዘቢብ ሲሳል ከገበያ ገዝቶ ነው የሚያስገባው፤ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ለቁርባን ይሆናል። ካርቲየ 4 ገበያ ብወርድ ዘቢብ በጆንያ ሞልቷል። «ከዚህ ሐረግ» በይ ያለኝ ማን ነው? ያ ሐረግ ከተተከለ ጀምሮ አንዲት ፍሬ አሳይቶን አያውቅም፤ ቅጠል ብቻ ነው። እመቤቴን ደግሞ አላታልላትም። ስለቱ ቢቀር ልጄ ላይ የሚመጣውን እያሰብኩ ሥራ ላይ እቆም እቀመጥ ጀመር።

ስለዚህ ውሃ አበዛሁ። ጠዋት አጠጣለሁ፣ ማታ አጠጣለሁ። በዚያ ሙቀት የተጠማ ነገር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ቅጠሉ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገባ።

ሐረጉን የተከሉት አሠሪዬ ናቸው። ሙስዬ እላቸዋለሁ፤ አባት አያታቸው ፈረንሳይ ውስጥ ወይን ሲተክሉና ሲጠምቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ምሳ ላይ ብርጭቋቸውን ከፍ አድርገው ያስተምሩኛል። ስኳሩን ፀሐይ ትሠራዋለች፤ እርሾ ስኳሩን በልቶ አልኮል ያደርገዋል፤ ቀዩ ቀለም ጭማቂው ከልጣጩ ጋር ሲቆይ የሚመጣ ነው። ጌሾ የለው፣ ማር የለው፣ ይሄ እንዴት መጠጥ ይሆናል እያልኩ እሰማቸዋለሁ። ጥሩ ወይን ድንጋያማ መሬት ላይ የተቸገረው ነው ሲሉኝ ግን ተናደድኩ። ችግር ጣዕም የሚሰጥ ቢሆን እኔ ማር በሆንኩ ነበር።

ስለቴን ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው እጄ ላይ ያለውን ጎማ አዩ።

«አጥግበሽው እንዴት ያፍራ? ወይን እንቅልፍ ይፈልጋል። እኛ አገር ብርዱ ያስተኛዋል። እዚህ ብርድ ስለሌለ እኛው ማስተኛት አለብን።»

ታኅሣሥ ላይ ውሃ ከለከሉት። ቅጠሉ ደርቆ ሲረግፍ መቀስ አምጥተው እስከ ጉቶው ድረስ ገረዙት። የተቆረጠውን የሰፈር ፍየሎች ጨረሱት። ልጄን የቆረጡብኝ መሰለኝና እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ጎማውን ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኝ ነበር።

ውሃ ሲመለስለት ግን ከጉቶው አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ፤ ቆይቶም ጥቃቅን ዘለላዎች። እልል አልኩ። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም፤ የጅቡቲ ቁራ ከእኔ ቀድሞ አይቶታል። «ልቁረጠው» ስል ሙስዬ «ስኳሩ አልሞላም፣ ጠብቂ» ይሉኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብዬ ራሴን ያዝኩ። ነጠላዬን ዘለላዎቹ ላይ አለበስኩና መጥረጊያ ይዤ ቁራ ሳባርር ከረምኩ። በመጨረሻ የተረፈውን ለቅሜ ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። ደርቆ ሲወርድ አንድ እፍኝ እንኳ አልሞላም።

በልደታ ቀን ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩት። ቄሱ ተቀብለው ሌሎች ካስገቡት ዘቢብ ጋር ቀላቀሉት። የእኔን ከሰው ለመለየት አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ አልተለየኝም። እንኳን አልተለየኝ። ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ወረደ።

ከቅዳሴ ስመለስ ለልጄ ደወልኩላት። ስለ ዘቢቡ ስተርክላት ሰማችኝና፣ «እማዬ፣ አንቺ መቼ ነው የምትመጪው?» አለች። ለዚህ ደግሞ ምን ብዬ እንደምሳል አላወቅሁም።

ነጠላዬን ሳላወልቅ ሙስዬ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ከመጣሁ ጀምሮ ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም።

«ሙስዬ፣ ሐረጉን አሳረፉትና አፈራ። እኔንም ያሳርፉኝ። ልጄ ጋ ልሂድ።»

በመስኮቱ ወደ ግቢው አዩ። «መቼ ነው የምትሄጂው?» አሉኝ።

«ነገ» አልኩ። «ውሃ እንዳያበዙበት።»