ጊዮርጊስ ዕለት ዶማ ያነሱት እትዬ ትርንጎ

ጠዋት የወንድሜ ልጅ ከጥርባ ደውሎ «እትዬ ትርንጎ አረፉ» ሲለኝ «የትኛዋ ትርንጎ?» አልኩት። እኛ አገር ትርንጎ የምትባል ሴት ብዙ ናት፤ ሌላዋ እንድትሆንልኝ ፈልጌ ነው የጠየቅሁት። «የትምህርት ቤቱ ጓሮዋ» አለኝ።

«ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፣ ምን ይገርማል» የምትሉ አትጠፉም። እኔን ገርሞኛል። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ስሄድ ከዳንግላ ገበያ የወሰድኩላቸውን ጥቅል ጎመን አገላብጠው አይተው «ይኸን ደግሞ ማን አሳደገው? አፈር የነካው አይመስልም» ብለውኝ ነበር። እንዲህ የሚተቹ ሴትዮ ይሞታሉ ብዬ አላሰብኩም።

ሳለቅስ ነው ያረፈድኩት። ልጆቼ ስልኩን አስቀምጪው ቢሉኝም ለእናንተ ሳልጽፍ መዋል አልቻልኩም።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ጥርባ አካባቢ ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን አዘና በኩል ስለነበር እንደ ሌሎቹ የሩቅ ልጆች እሁድ ስንቄን ተሸክሜ እመጣለሁ፤ ሳምንቱን ሰው ቤት ተጠግቼ እማራለሁ። ስንቅ ማለት ድርቆሽና ቆሎ ነው። ሳምንቱ ሳይጋመስ ያልቃል፤ በክረምቱ ጊዜ ደግሞ ሳያልቅም ይሻግታል።

ይኸን ያዩ የሰፈሩ ቤተሰቦች ተመካክረው ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ድንችና ጎመን ተከሉልን። አጥሩን በቀርከሃ አጠሩ፣ ፍጉን ከየቤታቸው አመጡ። ያዘዛቸው ሰው የለም። በሥራ ቀን የራሳቸው እርሻ ስላለ የሚመጡት በበዓል ነበር። በበዓል ለራስ መቆፈር ነውር ነው፤ ለሰው ልጅ ሲሆን ግን ያጸድቃል ብለው ነው የተስማሙት።

እትዬ ትርንጎና ባለቤታቸው አያ ታደለ ከእነዚያ ቤተሰቦች አንዱ ነበሩ። ልጃቸው ገና ጡት አልጣለም፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የእኔ የሚሉት ተማሪ አልነበራቸውም። እትዬ ትርንጎ ሲቆጡ በአዊኛ፣ ሲያባብሉ በአማርኛ ነበር። እኔ ሁለቱንም ስለምሰማ ከሁለቱም ደርሶኛል።

ታዲያ አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ በረዶ ወረደ። ሊታጨድ የደረሰው የሰፈሩ ገብስ መሬት ላይ ተኛ። የእትዬ ትርንጎ ማሳ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። ሰዉ መንሾካሾክ ጀመረ፤ «በበዓል ዶማ ስናነሳ ያመጣነው ቁጣ ነው» ተባለ። ማርያም ስትደርስ ወደ ጓሮው አንድም ሰው አልመጣም። አያ ታደለ እንኳ ቀሩ።

የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። ታጭቼ ነበር። አባቴ «ስንቅ ካነሰሽ ተመለሽ፣ ሠርጉን እንጨርሰው» ብሎኛል። ጓሮው ከቀረ ትምህርቴም ቀረ ማለት ነው። ይኸን የነገርኩት ለእትዬ ትርንጎ ብቻ ነበር። ሰምተው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ምነው አንድ ነገር ቢሉኝ ብዬ ተቀይሜያቸው ነበር።

ጊዮርጊስ ዕለት እኛ የሩቅ ልጆች አጥሩ ሥር ተቀምጠናል፤ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው። እትዬ ትርንጎ ከመሀል ወጡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ዶማ ይዘው ጓሮው ገቡ። ሰዉ ሁሉ ቆመ። የነፍስ አባታቸው አጥሩ ድረስ መጡ።

«ትርንጎ፣ ዛሬ እኮ ጊዮርጊስ ነው።»

«አውቃለሁ አባ። አሁን ከእሱው ዘንድ መምጣቴ ነው።»

«ገብስሽ እንዲያ ሆኖ እያየሽ?»

«ገብሱማ የኔ ነበር። ይኸ የልጆቹ ነው። ኃጢአት ካለው በኔ ይሁን።»

ይኸን ብለው መቆፈር ቀጠሉ። የጎመኑ ቅጠል ተበሳስቶ አልቋል፤ ድንቹ ግን ከአፈሩ ሥር ደህና ነበር። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይከተላል። ቄሱ ይኸን አይተው መቋሚያቸውን ለእኔ አስያዙኝና ጎንበስ ብለው ድንቹን ይለቅሙ ጀመር። አያ ታደለ ቅርጫት ይዘው መጡ፤ ሌላውም እያፈረ እያፈረ ገባ። እኔ የቄሱን መቋሚያ ታቅፌ እንባዬን ማቆም አቃተኝ። እትዬ ትርንጎ ቀና ብለው አዩኝና «አንች፣ መቋሚያው ይበሰብሳል» አሉኝ።

ያን ዓመት አልተዳርኩም፤ በሚቀጥለውም። ዛሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ።

ከዚያ ወዲህ «በኔ ይሁን» አፋቸው ላይ ቀረ። ወጡ ጨው ቢበዛው በኔ ይሁን፤ ልጅ ቢያረፍድ በኔ ይሁን። ላገባው ነው ብዬ ባለቤቴን ሳስተዋውቃቸው እንኳ ከላይ እስከ ታች አይተውት «እንግዲህ በኔ ይሁን» አሉ። እሱ እስካሁን አልረሳላቸውም።

እትዬ ትርንጎ፣ ጉልበቴ ይዞኝ ለቀብርዎ አልደረስኩም። ይኸ ነው የሚያንገበግበኝ። መቋሚያ ያዥ ቢሉኝ እንኳ የምይዝ ነበርኩ።

ዛሬም ጊዮርጊስ ነው፣ ያውቃሉ? የወንድሜ ልጅ እንደነገረኝ የዚያ ሰፈር ልጆች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ዶማና አካፋ ይዘው ለእርስዎ ሲቆፍሩ ነው ያረፈዱት። በዓል ነው ያለ አንድም ሰው የለም።

እርስዎ ብቻ ይረፉ፣ እናቴ። ኃጢአት ካለው በኔ ይሁን።