ስሟን እንዳይጠሩ

ባለፈው ዓርብ አቡ ዳቢ ውስጥ አንድ የሆቴል አዳራሽ ተጠርቼ ሄድኩ። ከአገር ቤት አንድ ትልቅ ሰው መጥተዋል፣ ከእኛ ጋር ይወያያሉ ተብሎ ነው። ውይይት የሚሉት እሳቸው ሲናገሩ እኛ እየበላን የምናጨበጭብበትን ነው እንግዲህ። የበግ ሥጋ በሩዝ አለ፣ ሳምቡሳ አለ። ሳህኔን ሞልቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። መድረክ ላይ የወጣውን ሰው ሳየው ወዲያው አወቅሁት። ሆድ አውጥቷል፣ ፀጉሩንም ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ድምፁ ግን ያው ነው። «እኔ በተቃዋሚ ወንበር ላይ በነበርኩበት ዘመን» ብሎ ጀመረ፤ አሁን ሌላ ወንበር አግኝቷል። «በዚያ በኮሮና ጊዜ፣ እዚሁ እናንተ ያላችሁበት አገር፣ አንዲት እህት ነበረችን…»

ሳህኔን አስቀመጥኩት። ትፍ! ነገሩ ከሆነ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎታል። ስሙን አልጠራላችሁም። አንቱታውንም እዚህ ላይ እተወዋለሁ፤ አንቱታ ለሚገባው ነው።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ሽበት አላውቅ፣ ጉልበቴንም አያመኝ። አቡ ዳቢ ወደብ፣ ሚና ዛይድ ካለ አንድ መጋዘን ተቀጥሬ አትክልትና ዓሣ በቫን እየጫንኩ አል ዓይን ድረስ ለየቪላው አደርስ ነበር። የማወራችሁ በክረምት ነው፣ በእነሱ ክረምት፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት በሚቆነጥጥበት። የአል ዓይን መንገድ ላይ ጉም ይተኛል፤ ከፊት ያለው የጭነት መኪና መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። ቫኑ ውስጥ ዓሣ፣ የድንብላል ቅጠልና መንደሪን ሽታቸው ተደባልቆ ልብሴ ላይ ያድራል። መንገድ ላይ ከረክ ሻይ በወረቀት ኩባያ ገዝቼ፣ ጭንብሌን አገጬ ላይ አውርጄ እየጠጣሁ እነዳለሁ። በየጊዜው አፍንጫችን ውስጥ እንጨት እየተከተተ እንመረመራለን፤ ስልኬ ላይ ከበሽታው ነፃ ነው የሚለው አረንጓዴ ካልበራ ማንም በር አይከፍትልኝም። ማዳሞቹማ እኔንም ካሮቱንም አንድ ላይ መድኃኒት ይነፉን ነበር።

አል ዓይን ውስጥ አል ሂሊ በሚባል ሰፈር ከማደርስባቸው ቪላዎች በአንዱ አትጠገብ ትሠራ ነበር። የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። እናቷን እትዬ እናኑን «እማ» እያልኩ ነው ያደግሁት። አትጠገብ ሣጥኑን ስታራግፍ ምላሷ አያርፍም። «ደሴ፣ ይኼ ቲማቲም እኮ ከእኔ በላይ ደክሞታል፤ እሱን አስተኛውና ሌላ አምጣ!» ትለኛለች። እስቃለሁ። የቀረው መንገድ ሁሉ ይቀለኛል።

አንድ ጠዋት በሩን የከፈተችልኝ ሰዓዳ ናት፤ ጎረቤት ቪላ የምትሠራ የአትጠገብ የልብ ጓደኛ። ዓይኗ አብጧል። «ኸላስ ደሴ» አለችኝ፣ «ኸላስ፣ አለቀ። ትናንት ሐኪም ቤት አድርሰናት አልተመለሰችም።» ሐኪሞቹ ልቧ ነው አሉ። የሃያ አራት ዓመት ልብ! አጥሩን ተደግፌ ሕፃን ሆኜ አለቀስኩ፤ ማዳም በመስኮት ታየኝ ነበር፣ እንኳን አየችኝ።

ከዚያ መከራው መጣ። አትጠገብ መጀመሪያ ካስመጣት አሠሪ፣ ከካፊሏ፣ ጠፍታ የወጣች ስለነበረች ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ አሁንም በሰውዬው ስም ነበር። እሱ ካልፈረመ አስከሬኗ አይወጣም፤ ስልክ ደግሞ አያነሳም። ቢሮ የተባለ ሁሉ በኮሮና ምክንያት በቀጠሮ ነው፤ አንዱ ወደ ሌላው ይገፋናል። ካልሆነላችሁ እዚሁ ትቀበር አሉን። እዚሁ? እናቷ እንድታለቅስበት መቃብሯን በስልክ ልናሳያት ነው?

አቡ ዳቢ፣ አል ካራማ ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ጥበቃ የሆኑ ጋሽ ታደለ የሚባሉ አዛውንት ነበሩን። ጴንጤ ናቸው፣ ጸሎታቸው ረጅም ነው፤ የአገራችን ልጆች መረዳጃ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። ሰብስበው አማከሩን። «መርዶ እንደ ወጉ ነው» አሉ። «አስከሬኗ ሊገባ ሲል ሽማግሌዎች በማለዳ ይሄዳሉ፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የሚይዟት ሴቶች በግራ በቀኝ ይቆማሉ። እስከዚያ እናኑ እንዳትሰማ።» ሁላችንም ማልን። አገር ቤት የነገርነው ለአጎቷ ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹን እሱ ሊያሰናዳ።

እማ ግን በየቀኑ ትደውልልኛለች። «ደሴ፣ ልጄን አየሃት?» «ደህና ናት እማ፣ ስልኳ ተበላሽቶ ነው።» «ብርድ ነው አሉ እናንተ ጋ። ደርበሽ ልበሺ በልልኝ።» «እሺ እማ፣ እላታለሁ።» እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽታችሁ ታውቃላችሁ? አያድርስ ነው።

ያኔ ነው ጋሽ ታደለ ስለ ተመራጫችን ያነሱት። አገር ያወቀው ተቃዋሚ ነው፤ እናቴም እማም ፀሐይ ላይ ተሰልፈው የመረጡት። እኔ ራሴ ስነዳ የእሱን ንግግር እየሰማሁ መሪውን በጡጫ የምመታ ሰው ነበርኩ። «ምክር ቤት ያንሳልን፤ ቢሮዎቹ ያኔ ይነቃሉ» አሉ። ስልኩን አፈላልገን ደወልን፤ የማናግረው እኔ ሆንኩ። ደግ ሆኖ አዳመጠኝ፣ ዕውነት ለመናገር። መጨረሻ ላይ «ጋሼ፣ አንድ ነገር አደራ» አልኩት፤ «እናቷ አልሰማችም። ስሟን እንዳይጠሩ።»

ሳቅ አለ። «ለቀባሪው አረዱት! ወንድሜ፣ እኔ የዚያ አገር ልጅ አይደለሁም? መርዶ አላውቅም?» ከዚያ ፎቶ እንድልክለት ጠየቀኝ። «ለራሴ ነው፣ ልቤ ውስጥ እንድትገባ።» መንደሪን ሣጥን ላይ ተቀምጣ የምትስቅበትን፣ እኔው ያነሳኋትን ላክሁለት።

የሚናገርበት ቀን ደረሰ። ያን ዕለት አል ሂሊ ነበርኩ። ሰዓዳ ማዳሟን ስለምትፈራ ቫኑ ውስጥ አልገባችም፤ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፌው እሷ ውጭ ቆማ በመስኮት ታያለች። «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የመረጠኝን ሕዝብ ጥያቄ ይዤ ቀርቤያለሁ» አለ። አቤት አነጋገሩ! ስለተዘጉት ቢሮዎች፣ ካፊል ስለጠፋባቸው ሴቶች፣ አስከሬን ስለሚለምኑ እናቶች፣ ሁሉንም እኛ እንደነገርነው አነሳው። ከኋላው ጭንብሉን አገጩ ላይ ያወረደ አንዱ ያንቀላፋል፣ ሁለቱ ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተው ይሳሳቃሉ። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አደረገ። «ይኼ ነው ወንድ!» አለች ሰዓዳ እያለቀሰች።

ከዚያ እጁን ወደ ኮቱ ውስጥ ሰደደ። አሳትሞት ኖሯል፣ በትልቁ። ፎቶውን ወደ ካሜራው አዞረና ትንሽ ጠበቀ፤ ካሜራው እስኪጠጋ መሆኑ ነው። «ይህች እህታችን አትጠገብ ትባላለች» አለ።

ሰዓዳ የቫኑን መስኮት በሁለት እጇ መታችው። «ጠራው! ስሟን ጠራው እኮ!» አፈ ጉባኤው ሰዓት አልቋል አሉት፤ እሱ ግን የእናቷን ስም ሳይጨምር አልተቀመጠም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል?

አይ ጉድ፣ ይህም አልበቃው ኖሯል። እናቴ ወዲያው ደውላ፣ ሳግ እየተናነቃት የነገረችኝን ልንገራችሁ። ለካ ከቀኑ አስቀድሞ የእሱ ሰዎች በከተማችን በድምፅ ማጉያ እየዞሩ «ተመራጫችሁ ስለ ልጆቻችሁ ይናገራል፣ ኑ ተመልከቱ» ብለዋል። አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥን ሰቅለው፣ ልጆቻቸው ዓረብ አገር ያሉ እናቶችን ፊት አስቀምጠዋል። እማ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። አጎቷ ገበያ ነበር፤ ማን ይከልክላት? ፎቶው ሲወጣ፣ ቃሉ ገና ጆሮዋ ሳይደርስ፣ ብድግ አለች። «ልጄ! አትጠገብዬ!» አለችና እልል አለች። ልጄ ቁም ነገር ሠርታ ነው ቴሌቪዥን ላይ የወጣችው ብላ ነዋ። ሌሎቹ እናቶችም ተቀብለው እልል አሉ። አዳራሹ በእልልታ ሲናጥ እሱ «በሰው አገር ሕይወቷ ያለፈ» ይላል። የሰሙት ዝም አሉ፤ ያልሰሙት እልል ይላሉ። እማ መጨረሻ ነው የሰማችው። የሚይዛት ሰው በግራም በቀኝም አልነበረም።

ከአል ሂሊ ወጥቼ ወደ አቡ ዳቢ ስመለስ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። «አየኸኝ? እንዴት ነበርኩ? ቪዲዮው እኮ አገር ምድሩን እያዳረሰ ነው!»

«ጋሼ፣ ስሟን ጠሩት።»

«ስም የሌለው ነገር ማን ይሰማል፣ ወንድሜ? ፖለቲካ እኮ ነው።»

«እናቷ ሰማች። አዳራሹ ውስጥ ነበረች።»

ጉሮሮውን ጠረገ። አፈረ ብዬ ነበር፣ ሞኝ ነኝ። «ያው» አለኝ፣ «አንድ ቀን መስማቷ ይቀር ነበር?»

ቫኑን ጥግ አስይዤ ወረድኩና አስታወክሁ። ከረኩም ወጣ፣ ጠዋት የበላሁትም ወጣ። ከኋላ የዓሣው ሽታ ይመጣል። እስከ ዛሬ የእሱን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል።

አስከሬኗ በዚያው ሰሞን አገሯ ገባ። ሰዓዳ ካፊሉን በዘመዶቹ በኩል አስለምናው ከንግግሩ በፊት ፈርሟል የሚል አለ፤ ንግግሩ ነው ያነቃቸው የሚልም አለ። ጋሽ ታደለ በሕይወት እስከነበሩ ድረስ «ልጄ፣ እግዚአብሔር በክፉም ሰው ይሠራል፤ ገባች አይደል?» ይሉኝ ነበር። ገባች። እሱም ቀብሩ ላይ ተገኝቶ ማይክራፎን ያዘ። ለቃሬዛው ትከሻውን አልሰጠም፣ ማይክራፎኑን ግን አልለቀቀም። እማ ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት አትገባም። ሰርግ ቤት እልል ሲባል ጆሮዋን ይዛ ትወጣለች። እናቴ ናት የምትነግረኝ፤ እሷ ራሷ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ስደውልላት አሁንም «ብርድ ነው አሉ፣ ደርበህ ልበስ» ነው የምትለኝ።

እንግዲህ ባለፈው ዓርብ፣ ያ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ «አንዲት እህት ነበረችን» አለ። «ለእሷ ስል ምክር ቤቱን አንቀጠቀጥኩት። ፎቶዋን ይዤ ተነሳሁ። ስሟ…» ቆመ። ግንባሩን አሸት አደረገ። «ስሟ ማን ነበር… ምላሴ ላይ ነው… ሰው ዕድሜው ሲገፋ…» ሰው ሳቀለት። አጃቢዎቹን አየ፤ አያውቁም። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። «ከመካከላችሁ የሚያውቃት አይጠፋም። እስቲ ስሟን አስታውሱኝ።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ሰዓዳ ናት፣ አብረን ነው የመጣነው፤ እሷም አርጅታለች። ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠችኝ። «እንዳትነግረው» አለችኝ። እኔ መች ልነግረው! ያኔ ስሟን እንዳይጠራ ለምነነው ነበር። አሁን ደግሞ በተራው እሱ ለመነን። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ አላወቀኝም። «ለማንኛውም» አለና ቀጠለ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ሩዙን ሳንጨርስ ወጣን። መኪናው ጋ ስንደርስ ሰዓዳ በሩን ይዛ ቆመች፤ ዙሪያዋን አየች፣ ማንም የለም።

«አትጠገብ» አለች ቀስ ብላ።

«አትጠገብ» አልኳት።