የመርከቧ የታችኛው ግማሽ

የታሰርኩት በመርከብ ሰበብ ነው ስል ሰው ይስቃል። አሁን አሁን እኔም እስቃለሁ። የዚያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የምትሄደው ሚኒባስ ፍተሻ ላይ ቆመችና ወረድን። ቦርሳዬ ውስጥ የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት፣ አንድ ሹራብ፣ ግማሽ ዳቦና ትልቅ ባለካሬ ደብተር ነበር። ፈታሹ ሹራቡን አራገፈ፣ ዳቦውን መለሰልኝ፣ ደብተሩን ገለጠ። ገጹ አናት ላይ በእኔው እጅ «ፈጠም፦ ስምንት ባለ 305 ሚሊ ሜትር መድፍ» ተብሎ ተጽፏል። ፈጠም የቡሬ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወንዝ ነው። እኔም ስሙን የወሰድኩት ከዚያ ነው። ፈታሹ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበና አለቃውን ጠራ።

«የመርከብ ስም ነው፤ ጨዋታ ነው» አልኩ።

«የት ባለ ባሕር?» አለ አለቃው።

ጥያቄው ትክክል ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በኢንተርኔት የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ከየአገሩ የተሰባሰብን፣ ፊት ለፊት ተያይተን የማናውቅ ሰዎች «ታሪክ በሌላ መንገድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ» እያልን ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውን ዓለም እንደገና እንሠራለን። ለእኔ የደረሰችኝ የገዛ አገሬ ናት፤ በጨዋታው ወደብም የመርከብ መሥሪያም አላት። እያንዳንዱ ተጫዋች የአገሩን የጦር መርከብ ራሱ ይነድፋል፣ ክብደቱን ያሰላል፣ በእርሳስ ሥሎ ፎቶውን ይልካል። ስሌቱ ካልገጠመ ዳኛው ይመልስበታል። እኔ ቡሬ ውስጥ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እንዲህ የያዘኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ያን ጊዜ የምንነድፈው ባትልክሩዘር የሚባለውን ዓይነት ነበር። እንደ ትልልቆቹ የጦር መርከቦች ከባድ መድፍ ይሸከማል፤ ለመሮጥ ሲል ግን የጎኑን ብረት ያሳሳል። «የምንነድፈው» ያልኩት ብቻዬን ስላልነበርኩ ነው። ቡሬ ባለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ጓደኛ አለችኝ። የላዩን እኔ ሠራሁ፦ መድፎቹን፣ የቆሙባቸውን ማማዎች፣ ሦስቱን ጭስ ማውጫዎች። ከውኃ በታች ያለውን፣ ማለትም ውኃ አፍልተው እንፋሎት የሚያወጡትን ቦይለሮች፣ የከሰሉን ቦታ፣ ሞተሩንና የባሩዱን ክፍል የሠራችው እሷ ናት። ሰው የማያየውን ነገር ትወዳለች። ጽሑፏ ደቃቅ ነው፤ ነፋስ እንደመታው ጤፍ ወደ ቀኝ ያጋድላል።

ፍኖተ ሰላም ወስደው ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የበቆሎ ዱቄትና የነቀዝ መድኃኒት ተቀላቅሎ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ በስንጥቁ ሁሉ የበቆሎ ፍሬ ተሰግስጓል። ከጣሪያው ሥር ሽቦ የተወጠረበት አንድ መስኮት አለ። ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሆንን።

ከሁለቱ ጋር ቶሎ ተግባባሁ። አንደኛው የቅኔ መምህር ናቸው፤ ክፍሉ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ለምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው «አስተምር ነበር» አሉኝ። ሁለተኛው ከቡሬ ወዲያ ያለ አገር ገበሬ ናቸው፤ ስድሳ ያለፋቸው፣ እጃቸው ሥራ ሲያጣ የሚቁነጠነጥ። እሳቸውን የያዟቸው ልጃቸው የት እንደሄደ ስላልተናገሩ ነው። «ቢያውቁ እኔን አይጠይቁኝም፤ እኔም ባውቅ አልነግራቸውም» አሉኝ፤ የዝናቡን ሁኔታ እንደሚነግር ሰው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ሌሎቹን እንዴት እንደሚጠይቅ ከጎኔ በሚተኛው ሰው ጀርባ ላይ አይቻለሁ፤ እኔን ግን በእጁ አልነካኝም።

«ጨዋታ ነው እንበል» አለ። «እዚህ ደብተር ላይ ሁለት ሰው ጽፏል። አንዱ አንተ ነህ። ሌላው ማነው?»

«እኔው ነኝ። ስቸኩል ጽሑፌ ይለወጣል።»

መነጽሩን አወረደና ደብተሩን ወደ ዓይኑ አቀረበ።

«ከነገ ወዲያ እዚህ ተቀምጠህ ደግመህ ትሥልልኛለህ። ደብተሩ እኔ ጋ ይቆያል። ብቻህን ከሠራሃት ሆዷንም ታውቀዋለህ። ካላወቅኸው የሚያውቀውን ሰው ስም ትሰጠኛለህ።»

ጓደኛዬ የአምስት ወር ሕፃን ታጠባ ነበር። ከግቢው ማዶ የሴቶች ክፍል አለ፤ ጠዋት ጠዋት ከዚያ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። የመርከቧን ሆድ ደግሞ አላውቀውም። ሁለቴ አይቼ «ጎበዝ» ብዬ አልፌዋለሁ እንጂ ከልቤ አላጠናሁትም። ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ለየኔታ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡ።

«የሚያስጨንቅህ ውሸቱ ነው ወይስ አለማወቁ?»

«ሁለቱም፣ የኔታ።»

«እንግዲያው አለማወቁን እናድነው። የተማርኸው ነገር ያንተ ነው፤ እኔስ የማውቀውን ከመምህሬ አይደል የተቀበልሁት? የቀረችውን ውሸት ለንስሐ እንይዛታለን።»

በጡብ ስባሪ ወለሉ ላይ የመርከቧን ቅርጽ ሠራሁ። በየመድፉ ቦታ የበቆሎ ፍሬ አስቀመጥኩ። የኔታ ተንበርክከው ያዩ ጀመር።

«ርዝመቷ ስንት ነው?»

«መቶ ሰማንያ ሜትር። ወርዷ ሃያ ሰባት።»

ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አሰሉ። «የኖኅ መርከብ ሦስት መቶ ክንድ በኀምሳ ናት፤ ስድስት እጥፍ። ያንተዋ ትንሽ ቀጥናለች።»

«ለመሮጥ ነው፣ የኔታ።»

«አዎ፣ ኖኅ የሚሄድበት አልነበረውም» አሉ።

ገበሬው ከማዶ ሲያዩን ቆይተው መጡ። «ምን እየዘራችሁ ነው?» አሉ ፍሬውን እያዩ። ነገርኳቸው። መርከብ አይተው ባያውቁም አልተገረሙም፤ ጎንበስ ብለው እንደሚገዙት በሬ ዙሪያዋን አዩአት።

«ሆዷ የጠፋብህ እንደሆነ ከምታውቀው አትጀምርም? ይሄ ምንድን ነው?»

«ጭስ ማውጫ።»

«ጭሱን ተከትለህ ውረድ እንጂ! ጭስ ካለ ከሥሩ እሳት አለ።»

ይኼን ያህል ቀላል ነገር ለምን እንዳልመጣልኝ አላውቅም። ሦስት ጭስ ማውጫ ካለ ሦስት የእሳት ክፍል አለ ማለት ነው። ይህን ስል ጓደኛዬ የሣለችው የደብተሩ ገጽ ዓይኔ ላይ መጣ፤ በየክፍሉ ስድስት ክብ፣ በድምሩ አሥራ ስምንት ቦይለር። ከሰሉ በግራና በቀኝ ጎን ተደርድሯል፤ ጥይት ቢመጣ እንዲያዳክም። ሞተሩ ከኋላ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣልኝ። መታሰሬን የረሳሁበት የመጀመሪያው ሰዓት ያ ነው።

የቀረው የባሩዱ ክፍል ነበር። መካከለኛው የመድፍ ማማ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጭስ ማውጫ መሐል ነው፤ ባሩዱም ከሥሩ። እርግጠኛ ነበርኩ። ፍሬዎቹን አስቀመጥኩ። ገበሬው በጣታቸው አመለከቱ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የባሩድ ክፍል።»

«ይሄስ?»

«እሳቱ።»

«መሐላቸው?»

«ግድግዳ። የብረት ነው።»

ቀጥ ብለው ቆሙ። «ስሙኝማ የኔታ! ጎተራውን ከማድቤቱ አጣብቆ ሠርቶታል!»

በእሳቸው አገር ጎተራ ከእሳት ርቆ ይቆማል። አዲስ ባለ ትዳር እንኳ ይህን አይስትም፤ ቢስት አማቱ ያፈርሱታል። ብረት አይቃጠልም ብዬ ለመከራከር ሞከርኩ።

«ድስትስ መች ይቃጠላል? የሚያርረው ውስጡ ያለው ነው።»

ስለ ሙቀት መተላለፍ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። አንገቴን ደፋሁ። ጓደኛዬ ተሳስታለች፣ እኔም ሳላይ አልፌአለሁ፣ ዳኛው ደግሞ ክብደቱን እንጂ ጉርብትናውን አያሰላም።

«ይህ ሁሉ እሳት ውኃ አይጠጣም?» አሉ ገበሬው።

«ይጠጣል። እንፋሎቱ የሚወጣው ከሱ ነው። ውኃው ከፊት ተቀምጧል።»

«መሐል አምጣው። ጎተራና እሳት መሐል ውኃ ይቁም።»

ውኃውን መሐል አመጣሁት። ክብደቱ ወደ መርከቧ መካከል ስለተሰበሰበ ሚዛኗም ተሻለ። ገበሬውን አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

ከሰዓት ጠባቂው ለፍተሻ ገብቶ በጫማው ሁሉንም ጠረገው። የኔታ አልደነገጡም። «ይሄው ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በቃልህ ነው» አሉ። በእሳቸው ቤት ተማሪ የሚማረው እንዲሁ ነው። አቆሙኝና ከመርከቧ አፍ እስከ ጭራዋ አስባሉኝ። ስሳሳት «ከአፏ ጀምር» ይሉኛል። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የክፍሉ ሰው ሁሉ በቃሉ ይዟት ነበር። እኔ «አምስት ቦይለር» ስል ጀርባው የቆሰለው ሰው በተኛበት «ስድስት ነው እንጂ!» አለ።

አንድ ነገር ብቻ አልተወሰነም ነበር። ውኃውን መሐል ብሥለው ከደብተሩ አይገጥምም፤ ባልሥለው ስህተቱን እያወቅሁ ልደግመው ነው። የኔታን ጠየቅኋቸው።

«እኔ ጋ የሚማር ልጅ ስህተቱ ከታረመለት በኋላ መልሶ ቢያመጣት ምን እንደማደርገው ታውቃለህ?» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

በቀጠሮው ቀን መርማሪው ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ። ሁለት ሰዓት ሣልኩ። በየመሐሉ መጥቶ ከትከሻዬ በላይ ያያል፣ ደብተሩን ገለጥ ያደርጋል፣ ይመለሳል። ባሩዱ ጋ ስደርስ እጄ ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ ውኃውን መሐል አስገባሁት።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አያቸው። ቦይለሮቹን በጣቱ ቆጠረ። ጣቱ ውኃው ላይ ቆመ።

«ይቺ ደብተሩ ላይ እዚህ የለችም።»

«ስህተት ነበር። አረምኩት።»

«የምን ስህተት?»

ነገርኩት። ጎተራውንም ማድቤቱንም ነገርኩት፤ ከማን እንደሰማሁት ብቻ አልተናገርኩም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«እኛም ቤት ጎተራው ከጓሮ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ድምፁ ወደ ሥራው ተመለሰ። «ጽሑፉ አሁንም አይመሳሰልም።»

«አልቸኮልኩማ።»

ደብተሩን ዘጋ። ቃሌ የተጻፈበትን ወረቀት አቀረበልኝ፤ «ከግብረ አበሮቹ ጋር» የሚለውን ራሱ በስክሪብቶ ሰርዞ «ብቻውን» ብሎ ነበር። ፈረምኩ። ከዚያ የሥዕሉን ታችኛ ጥግ በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«እዚህም፤ ነዳፊ ብለህ ስምህን ጻፍ።»

ያቺን መጻፍ አቃተኝ። ውሸቱን ፈርሜአለሁ፤ ለሷና ለልጇ ስል አሥር ጊዜም እፈርመዋለሁ። ሥዕሉ ግን ሌላ ነው። በዚያ ጥግ ላይ ስሜን ብጽፍ የእሷንም የገበሬውንም ሥራ ሰረቅሁ ማለት ነው።

«መርከብ ላይ የሚጻፈው የተሠራችበት ቦታ ነው» አልኩ። «ፍኖተ ሰላም» ብዬ ጻፍኩና እርሳሱን መለስኩለት። ጥጉን አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን ከደብተሩ ውስጥ አስገብቶ መሳቢያውን ዘጋ።

ከሳምንታት በኋላ እንዳስገቡኝ ያለ ምክንያት አወጡኝ። ደብተሩ አልተመለሰልኝም፤ የፈተና ወረቀቶቹ ተመለሱ። ገበሬው ከእኔ ሁለት ወር ዘግይተው ወጡ። የልጃቸውን ወሬ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። አሁን በስልክ ስንገናኝ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ውኃው አልፈሰሰም?» የኔታ ሰፈራቸው ተመልሰው እንደሚያስተምሩ ሰምቻለሁ። ለዚያች ውሸት ንስሐ ገና አልገባሁም።

በተፈታሁ በሁለተኛው እሑድ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። በቃሌ እያስታወስኩ አዲስ ወረቀት ላይ የሣልኳትን መርከብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ልጁን ታቅፋ አጎንብሳ አየች። ዓይኗ ቀጥታ ወደ መርከቧ ሆድ ወረደ።

«ውኃውን መሐል ያስገባው ማነው?»

«አንድ ገበሬ።»

«እኔ እንዴት አላየሁትም?» አለች፤ ተናደደች። ቀጥላ የታችኛውን ጥግ አየች፤ እዚህም «ፍኖተ ሰላም» ብዬ የጻፍኩትን። ደግሞ ወደ መርከቧ ሆድ ተመለሰች። አንድም ነገር ሳይጎድል ሠርቼዋለሁ፤ ያን ያህል እንደማላውቀው ደግሞ እሷ ታውቃለች። ቀና አለች።

«ስለ እኔ ጠየቁህ?»

ልጁን አየሁ። ሐሰት መናገር ደክሞኝ ነበር።

ዓይኗ እንባ አዘለ፤ አልፈሰሰም። ከዚያ «እስቲ ያዝልኝ» ብላ ልጁን ሰጠችኝ፣ ወንበር ሳበች፣ እርሳሱን ከእጄ ወሰደች። ከውኃው ጎን የክብደቱን ስሌት መጻፍ ጀመረች። ልጁ ጣቴን ይዞ ይጎትታል። እኔ የማየው ጽሑፏን ነው፤ ደቃቅ ነው፣ ወደ ቀኝ ያጋድላል።